የተሰበረችው «ጓ»

በሁለት ጣት ታይፕ በመምታት ናዝሬት ላይ የሚወዳደረኝ ሰው አልነበረም። ይሄን የምናገረው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው፤ ግን እውነት የሆነ ጉራ ነው። ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረች ጠረጴዛ ይዤ፣ ጃንጥላ ስር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። ሰው ይመጣል። ትርፍ ቤት ነው ተብሎ ቤቱ ተወስዶበታል፣ ወይ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ ወይ በሬው የማኅበሩ ማሳ ገብቶ ታስሮበታል። ያለቅስልኛል። እኔ ለቅሶውን በአንቀጽ በአንቀጽ አሰናድቼ እመታለታለሁ። በኦሮምኛ የነገረኝን በአማርኛ እጽፍና መልሼ በኦሮምኛ ሳነብለት፣ የራሱን ታሪክ እንደ አዲስ ሰምቶ እንደገና ያለቅሳል። ያን ጊዜ ማመልከቻው ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ማን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ማንም። ያደግኩት ወንጂ፣ የአገዳ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ትምህርቱን በጊዜ ነው የተውኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከመኪና ላይ ጽሑፍ፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከሰው ማመልከቻ ለቀምኩት። ታይፑንም መጀመሪያ ገዛሁት፣ ከዚያ ተማርኩት። ሚስቴንም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ አገባኋት፣ ከዚያ ጸባይዋን ተማርኩ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አንዳንድ ፊደል ይይዝባቸዋል።

አባቴ ግን ሥራ አለው ብሎ አንድም ቀን አላመነልኝም። በልጅነቱ ከከምባታ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ አገዳ የቆረጠ ሰው ነው። ለሱ ሥራ ማለት ፔሮል ነው። በወሩ መጨረሻ ተሰልፈህ፣ ስምህ ተጠርቶ፣ ጣትህን ቀለም ነክረህ የምትቀበለው ነገር ደመወዝ ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ልመና ነው። በገበያ ቀን የማገኘውን ብር አውጥቼ ባሳየው አገላብጦ ያየውና መልሶ ይሰጠኛል። «ነገስ?» ይለኛል። ነገ ነፋስ ሊኖር ይችላል። የናዝሬት ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ማመልከቻው፣ ካርቦኑ፣ ጃንጥላው፣ ሁሉም ወደ ጋሪ ማቆሚያው ይሄዳል፣ እኔም ተከትዬ።

ስለዚህ ተስፋው ሁሉ ታናሽ እህቴ ላይ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ማትሪኩ ግን አልመጣላትም። አባቴ ማትሪክ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ልጅቷ ጥላ ስር ተቀምጣ ደመወዝ መብላት እንዳለባት ነው። ጥላ የሚለው የቢሮ ጣሪያን ነው፤ የኔን ጃንጥላ አይቆጥራትም።

ያኔ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ አንድ የግል ማሠልጠኛ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። ታፔላው ላይ መጀመሪያ «ኮሌጅ» የሚል ነበረበት፤ ቀበሌ ደምስሱ ብሎ አስደመሰሰው፤ ግን ቀለሙ ስስ ስለነበረ ከስር ይነበባል። እኛም ኮሌጁ ነበር የምንለው። ባለቤቱ በጃንሆይ ጊዜ ቢሮ የሠሩ፣ ከረባታቸውን በሙቀትም የማይፈቱ ሰው ነበሩ። ዳይሬክተር ካላሏቸው አይዞሩም። ታይፕና የሒሳብ አያያዝ ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ ቁልፍ ሳያዩ በአሥር ጣት እንዲመቱ ፊደሎቹ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፈውባቸዋል፤ ክፍሉ ሲታይ ቁስለኛ ታይፖች የተኙበት ሆስፒታል ነበር የሚመስለው።

ክፍያው ከአቅማችን በላይ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ዘዴ ነበራቸው። ጥቂቱን ስትመዘገቢ ትከፍያለሽ፤ የቀረውን ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ በየወሩ። እስክትጨርሺ ሰርተፍኬቱ እሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ዋስ ደግሞ ታመጫለሽ፤ ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ልጅቷ ካልከፈለች ከሱ ደመወዝ ይቆረጣል። እኔ ደረቴን ነፍቼ እኔ አለሁላት አልኩ። ዳይሬክተሩ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ጃንጥላ ነህ» አሉኝ። «ጃንጥላ ዋስ አይሆንም።»

አባቴ ከወንጂ መጥቶ ጣቱን አተመ። ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። ደመወዙን ዋስ ማድረግ መቻሉ ራሱ ሹመት መሰለው። አውቶቡስ ተራው ጋ ሻይ ጋበዘኝ፤ የጋበዝኩትን ሻይ ሁሉ የመለሰልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እህቴ ጎበዝ ነበረች። እኔ በሁለት ጣት የምጨርሰውን እሷ በአሥር ጣት ከኔ ቀድማ ጨረሰች፤ ይሄን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእናንተ ግን ነገርኩ። ማታ ማታ ራት እየበላን የኮሌጁን ወሬ ታወራናለች። ከወሬዋ ሁሉ አንዱ የታይፑ ነገር ነበር። እሷ የምትሠራበት ታይፕ ላይ «ጓ» የምታወጣው ቁልፍ ተሰብራለች። ያ ዘመን ደግሞ ያለ «ጓ» አንድ መስመር የማይጻፍበት ዘመን ነው። ደብዳቤው ሲጀምር ጓድ፣ ሲጨርስ ጓድ፣ መሐሉ ላይ ጓዶች። የልምምድ ጽሑፋቸው ሁሉ ጓድ ለጓድ ሆኖ ነበር። ዳይሬክተሩ የሰጡት መፍትሔ፣ በ«ጓ» ፈንታ «ጉ» ምቱ፣ ወረቀቱን ስታወጡ በእስክሪብቶ አስተካክሉት የሚል ነበር።

እኔ ሙያዬ ስለሆነ ወዲያው ገባኝና ሳቅ አነቀኝ። በእስክሪብቶ እስኪስተካከል ድረስ በኮሌጁ ጠረጴዛ ላይ የአብዮቱ ጓድ ሁሉ ጉድ ነበር። ጉድ ሊቀመንበር። ጉድ ጸሐፊ። ሚስቴ ዝም በሉ፣ ግድግዳው ስስ ነው አለችን፤ እኛ ግን አፋችንን በነጠላ ይዘን ሳቅን። በማግስቱ ለዳይሬክተሩ ቁልፏን እኔ ልጠግናት፣ ብዙም አላስከፍልዎ አልኳቸው። እስክሪብቶ ይረክሳል አሉኝ። በሒሳብ ካየነው ልክ ነበሩ።

ተመረቀች። ከሷ ጋር የተመረቁት ልጆች የት የት እንደገቡ አየሁ፤ ከጃንጥላዬ ስር ሆኜ የማላየው ነገር የለም። አንዷ ቀበሌ ገባች፤ ለጊዜው በነጻ አገልግዪ አሏት፣ ጊዜው ግን አላልቅ አለ። አንዷ ወለንጪቲ ወፍጮ ቤት ዱቄት ትመዝናለች፤ አሥሩም ጣቷ ነጭ ነው። አንዷ የአሰብ መስመር ሹፌር አገባችና ዕዳዋን ባሏ በአንድ ቀን ከፈለላት፤ ዳይሬክተሩ ከተመራቂዎቻቸው ሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት የሷን ስም ነበር። የቀሩት ቤታቸው ተቀምጠው የወላጆቻቸው ደመወዝ ይቆረጣል።

የኛዋ ዕድለኛ ነበረች። ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ያለ አንድ የመንግሥት እርሻ ቢሮ ታይፒስት አድርጎ ለሙከራ ጊዜ ቀጠራት። አባቴ ዶሮ አረደ። የመጀመሪያ ደመወዟን እንደ ወጉ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ግንባሩን አስነካው፣ መረቃትና መለሰላት። ደመወዟ እኔ በጥሩ ወር ከማገኘው ያንስ ነበር፤ ነገርኳት። «ያንተ ገቢ ነው፣ የኔ ደመወዝ ነው» አለችኝ። የአባቷ ልጅ።

ያ ደመወዝ ግን እጇ ሳይገባ ያልቅ ነበር። ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፣ ለሴቶች ማኅበር ይቆረጣል፣ የምትኖርበት ክፍል ኪራይ አለ፣ የዳይሬክተሩ አለ። የሚተርፋት ለሽሮ ነው፤ ሽንኩርቱ እዚያ አገር ከመሬት ይለቀማል። በዚህ ላይ ቢሮው አንድ ነገር አላት፤ የሙከራው ጊዜ ከማለቁ በፊት ዋናውን ሰርተፍኬት አምጪ፣ አለዚያ መቀጠር የለም። ኮሌጁ ደግሞ ዕዳሽን ሳትጨርሺ ሰርተፍኬት የለም አላት። ሥራው እንዲጸና ወረቀቱ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ እንዲወጣ ከሥራው የሚገኘው ብር ያስፈልጋል። ይሄን ነገር በማመልከቻ ብጽፈው ዳኛ እንኳን ይስቅ ነበር።

ዳይሬክተሩን ለመንኳቸው። ለሌላው ሰው በመለመን የታወቅኩ ነኝ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ምላሴ ይያዛል። ሰርተፍኬቱን ከሰጠኋት ገንዘቤን ማን ይሰጠኛል አሉ። እንግዲህ እቁብ ገባሁ። የእቁቡን ዳኛ ቀድሜ እንድወስድ ለመንኩት፤ ለሱ ለመሬት ክርክሩ በነጻ የጻፍኩለት ማመልከቻ ስለነበረ እሺ አለኝ። የአብዮት በዓል እንዳለፈ ትወስዳለህ፣ አሁን ሰው ሁሉ በመዋጮ ተይዟል አለኝ። በዓሉ ቅርብ ነበር። ለእህቴ ላኩባት፤ እስከ በዓሉ ብቻ ታገሺ፣ ሰርተፍኬትሽን ይዤልሽ እመጣለሁ አልኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እሷ ናት በኋላ የነገረችኝ።

ለበዓሉ ከላይ የክብር እንግዳ ይመጣል ተባለ። የእርሻው ቢሮ የዕለቱን ፕሮግራም ለአዳራሹ ሰው ሁሉ የሚበቃ አድርጎ ማባዛት ነበረበት። ብዙ ቅጂ ሲሆን ወረቀት ላይ አይመታም፤ ስቴንስል የሚባል ሰም የተቀባ ስስ ነገር አለ፣ እሱ ላይ ይመታና ማባዣ መኪና ላይ ተደርጎ በእጅ ይዘወራል። ስቴንስል ሲመታ ሪባኑ ይነሳል፤ ፊደሉ ቀለም ሳይሆን ቀዳዳ ነው፤ የመታሽውን በደንብ አታዪውም። በእስክሪብቶም አይስተካከልም።

የእርሻው ቢሮ ታይፕ ደህና ነበር። «ጓ» በቦታዋ አለች። ግን እህቴ የተማረችው በፕላስተር በተሸፈነ ታይፕ ነው፤ ዓይኗ አያይም፣ ጣቷ ነው የሚያውቀው። ጣቷ ደግሞ ያንን ቃል ሲሰማ የሚሄደው ወደ «ጉ» ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ደብዳቤ በመታች ቁጥር ወረቀቱን ስታወጣ በእስክሪብቶ ትነካካውና ይሄዳል፤ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ራሷም ልብ አትለውም፤ እስክሪብቶው የሥራው አንድ ክፍል ሆኖባት ነበር። ያን ቀን አለቃዋ አጠገቧ ቆሞ ቶሎ ቶሎ ይላታል። መታች፣ ወሰደው፣ ተዘወረ። የሥነ ሥርዓቱ ሰዎች ወረቀቱን እጥፍ እጥፍ አድርገው በየወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

አዳራሹ ሞላ። ሰው ወረቀቱን ገለጠ። ጉድ የክብር እንግዳ መድረኩን ይከፍታሉ ይላል። ጉድ ሥራ አስኪያጅ ሪፖርት ያሰማሉ። ጉድ የሴቶች ተወካይ። ጉድ የወጣቶች ተወካይ። መጨረሻው ላይ፣ ጉዶች በሙሉ ተነስተው ይዘምራሉ።

አልሳቀም ሰዉ። እህቴ የምትለው እሱን ነው። ያን የሚያህል አዳራሽ ሙሉ ሰው አንብቦ ዝም አለ፣ የወረቀት መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ምን እንዳነበቡ ሳላውቅ ዝምታው አስፈራኝ አለችኝ። ከዚያ ከኋላ መስመር አንድ የትራክተር ሹፌር ሳቁ አመለጠው። ሳል ሊያደርገው ሞከረ። እሱንም እሷንም በአንድ መኪና ወሰዷቸው።

ወሬውን ያመጣልኝ የቲማቲም መኪና ረዳት ነው። እህትህ ታስራለች አለኝ። በምን ስለው ጆሮዬ ጋ ተጠግቶ በአንድ ፊደል አለኝ። እኔ ያኔ የአንድ ገበሬ ማመልከቻ መሐል ላይ ነበርኩ። እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም፤ ገበሬው ማንን እንደከሰሰ ራሱ ረስቼዋለሁ።

አባቴ በማግስቱ ከወንጂ መጣ፤ የሥራ ልብሱን እንኳን አልቀየረም፣ ከአገዳው ጥላሸት ጋር ነው። ጠረጴዛዬ ጋ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሥራ ብሎ ቆጥሮት የማያውቀው ነገር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ጻፍ አለኝ። ስንት ሰው በዚህች ታይፕ አስፈትቻለሁ፤ ሌባ አስፈትቻለሁ፣ ሰካራም አስፈትቻለሁ። የአባቴን ፊት እያየሁ ግን ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። በመጨረሻ ጻፍኩ። ጥሩ ማመልከቻ ነበር፤ እውነቱን ነበር የያዘው። ልጅቷ የተማረችበት ታይፕ ላይ ቁልፏ ተሰብራ እንደነበረ፣ በእስክሪብቶ አስተካክሉ ተብለው እንደተማሩ፣ ስቴንስል በእስክሪብቶ እንደማይስተካከል። አባቴ ምስክርህ ማነው አለኝ። ምስክሩ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ኮሌጁ ስንደርስ ዳይሬክተሩ ወሬውን ሰምተዋል። ከረባታቸው ላልቶ ነበር። ክፍሉን ዘግተው ቀስ ብለው አናገሩን። እኔ የግል ነኝ አሉ፤ የግል የሆነ ሁሉ በዚህ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው። ሄጄ «ጓ» በሌለው ታይፕ ልጆች አስመርቄያለሁ ብል፣ ያው አሻጥር ብለው እሷ ወጥታ እኔ ነኝ የምገባው። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሰርተፍኬቷን አወጡ።

«ይሄው ውሰዱት» አሉ። «የቀረውንም ዕዳ ትቼዋለሁ። ስሜን ብቻ አታንሱ።»

እኔ ወረቀቱን አየሁት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እጄን ልዘረጋ ነበር። ስንት ወር የለመንነው ወረቀት ነው። አባቴ ግን አልነካውም።

«ልጄ እዚያ ሆና ወረቀቷን ይዤ ልግባ?» አለ። «ጌታዬ፣ መጥተው ይናገሩልኝ። ዕዳዎን እስከ መጨረሻው እከፍልዎታለሁ።»

ዳይሬክተሩ ሰርተፍኬቱን መልሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት። እመጣለሁ አሉ። አባቴ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

አልመጡም። ዓለም ጤና ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ከጠዋት ጀምረን ቆመን ጠበቅናቸው፤ ከናዝሬት የሚመጣ ተሽከርካሪ ሲቆም ሁሉ አባቴ ኮቱን ያስተካክላል። ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ገባን። መርማሪው ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ፣ ተቀመጡ ያለን ሰው ነው። ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው አነበበ። አጻጻፉ ጥሩ ነው አለ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት የሚበቃኝ ጉራ ነበር። ኮሌጁ ጋ ሰው ልኮ ነበር። ታይፖቹ ሁሉ ታይተዋል፤ «ጓ» የሌለው ታይፕ አልተገኘም። ለካ እስክሪብቶ ሲረክስ የነበረው ያቺ ቀን እስክትመጣ ነው። ቁልፏ ተጠግናለች።

መርማሪው አንድ ነገር ጠየቀን። የወረቀቱ ሌላ ፊደል ሁሉ ትክክል ሆኖ ይቺ ብቻ ለምን ተሳሳተች? ሰው ሲሳሳት እዚህም እዚያም ይሳሳታል። ሁል ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚሳሳት ሰው ግን አስቦበት ነው። መልስ ነበረኝ፤ መልሱ ማመልከቻው ውስጥ ተጽፏል። ግን እሱ ጣት ራሱን ችሎ ይሄዳል የሚለውን ነገር አላመነም። ያላመነው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። በሁለት ጣት እንኳን ታይፕ መትቶ አያውቅም።

ከዚያ ራሱ መላ አመጣ። ታይፕ ይምጣ፣ ልጅቷ ትምጣ፣ ፊታችን ትምታ አለ። እኔ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጣቷን አውቃታለሁ። አባቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት፤ አለቀ ማለቴ ነው።

አመጧት። ከስታለች፣ ጸጉሯ በጨርቅ ታስሯል። እኛን ስታይ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መናገር ግን አልተፈቀደም። ጠረጴዛ ላይ ታይፕ አኖሩላት። ወረቀቱን ራሷ አስገባች፣ እጀታዋን ሰበሰበች፤ ለአፍታ እንደ ድሮው ሆነች። መርማሪው «ጓድ» ብለሽ ምቺ አላት።

ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ቆየች። አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈለገች። ታይፑ ፕላስተር የለውም። አገኘችውና በአንድ ጣት፣ ቀስ ብላ፣ ልክ እንደ እኔ መታችው። ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ጓድ።

መርማሪው ወረቀቱን አወጣና አባቴ ማንበብ የሚችል መስሎት ሰጠው። «ይኸው፤ ታውቀዋለች» አለ።

ከወጣች በኋላ ስለዚያ ቀን የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ምቺ ሲሉኝ እኮ ፈለግኩት» አለችኝ። «ጣቴ የሚሳሳተው ሳይሉኝ ነው።»

ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ በዓሉም እንደገና ዞሮ መጣ፤ እሷ እዚያው ነበረች። ክስ አልተመሠረተባት፣ ፍርድ አልተሰጣት። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ። እቁቡ ደርሶኝ ስንቅ ሆነ፤ ለሰርተፍኬት የታሰበው ብር በሽሮና በሳሙና ተለወጠ። አንድ ጠዋት ከሌሎች ጋር ሂጂ አሏት፤ ለምን እንደገባች እንዳልነገሯት ሁሉ ለምን እንደወጣችም አልነገሯትም። የትራክተር ሹፌሩ ወደ ሰሜን ግንባር ተላከ ሲባል ሰማን። እናቱ አልፎ አልፎ ጠረጴዛዬ ጋ እየመጣች ልጄ ይጠየቅልኝ እያለች ታስጽፈኝ ነበር። ገንዘብ አልተቀበልኳትም። መልስም አላመጣሁላትም።

የእህቴ ሥራ በእርግጥ ቀርቷል። ዕዳው ግን አልቀረም። ዳይሬክተሩ ልጅቷ መክፈል አቁማለች ብለው የአባቴ ጣት ያለበትን ወረቀት ይዘው ወንጂ ሄዱ፤ ከደመወዙ መቆረጥ ጀመረ። እኔ እንክሰሳቸው አልኩ፣ እንዲህ ያለ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ከረባታቸውን ነው የማስፈታቸው አልኩ። አባቴ እምቢ አለ። መጥተው ከመሰከሩ ነበር እኮ የተባባላችሁት ስለው፣ ያልመጡት እሳቸው ናቸው፣ እከፍላለሁ ያልኩት ግን እኔ ነኝ አለኝ። እሑድ እሑድ ናዝሬት መምጣት ተወ፤ ለምን ቀረህ ስለው አውቶቡሱ ያስመልሰኛል አለ። ሲጋራ ተወ። ሥጋ ተወ። ጡረታው እስኪቃረብ ድረስ ሙሉ ደመወዙን ሳያይ አገዳ ቆረጠ። እኔ ልክፈልልህ ስለው፣ ያንተ ገቢ ነው፣ ይሄ የደመወዝ ዕዳ ነው አለኝ። ልቀልድበት ፈልጌ ነበር። ተውኩት።

እህቴ ዓለም ጤና ተመልሳ ሄደች፤ ወደ እርሻው ሳይሆን ወደ ሽንኩርቱ። በቀን ክፍያ ሽንኩርት ትለቅማለች፣ የሞላውን ጆንያ አፉን ትሰፋለች። መስፋቱ ላይ ፈጣን ናት ይላሉ፤ አሥሩንም ጣቷን ነው የምትጠቀመው። እኔ ጋ ነይ፣ ሁለተኛ ወንበር አለኝ፣ ሁለታችን ብንሆን አሥራ ሁለት ጣት ነው አልኳት። ሳቀች፤ ግን አልመጣችም። ታይፑ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ታስገባለች።

ዕዳው ያለቀ ዕለት ዳይሬክተሩ ሰርተፍኬቱን አስረከቡ፤ በዚህ ቃላቸውን ጠበቁ። አባቴ ለሷ አልሰጣትም። ወንጂ ወስዶ መስታወት አስገባበትና ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው። ሰው ሲገባ ማነው የተመረቀው ይለዋል። እሱ ሳይስቅ «እኔ» ይላል። የካምፑ ሰዎች ቀልድ መሰላቸውና ባለፈ ባገደመ ቁጥር ተመራቂው ይሉት ጀመር። አባቴ ቀልድ አያውቅም። የቤቱን ቀልድ ሁሉ ወስጄ የጨረስኩበት እኔ ነኝ።

በአንድ በዓል ሁላችንም እሱ ቤት ተሰበሰብን። እህቴ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ምሳ ከተበላ በኋላ አባቴ ተነስቶ ሰርተፍኬቱን ከምስማሩ አወረደና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«ምን እንደሚል አንድም ሰው አንብቦልኝ አያውቅም» አላት።

እኔ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ተወው አለኝ በዓይኑ። መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከስሟ በፊት ያለችው የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ብዙ ቆየች፤ ጣቢያው ውስጥ ታይፑ ላይ እንደቆየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ አነበበችው።

«ጓድ» አለች።

አባቴ ወንበሩን ወደሷ ጠጋ አደረገ። «ቀጥይ» አላት።